ፊት ሲጣመም፣ ምላስ ሲኮላተፍ፦ ሁሉም ነገር ምች አይደለም

ከሜክሲኮ ጀሞ ታክሲ የሚሳፈር ሰው ይቺን ነገር በደንብ ያውቃታል። ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሏችሁ መስኮቱን ትንሽ ገፋ ስታደርጉት ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ ይመጣል፦ «ኧረ መስኮቱን ዝጉት፣ ነፋሱ ሊመታን ነው!» ትዘጋላችሁ። ማን ይከራከራል? የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ በነፋስ ነው የሚጀምረው፤ ንፋስ ስልክ ላፍቶ።

እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ይህንኑ ነበር። አፉ ወደ አንድ ጎን የተጣመመ ሰው ካየሁ ነፋስ መትቶት ነው፣ ወይ ምች ነው፣ ወይ ደግሞ ስሙ የማይጠራ ነገር ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ዳማከሴ ታሽቶ ፊት ይቀባል፣ ከዚያ ተሸፋፍኖ መተኛት።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ይህ ልማድ አጎቴን ምን እንዳስከፈለው ነው።

አጎቴ ጎፋ ነው የሚኖረው። ከ20 ዓመት በላይ ሚኒባስ ነድቷል። አንድ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል የሚጠጣው ሻይ በከንፈሩ ጥግ ፈሰሰ። ባለቤቱ «ምን ሆንክ?» ስትለው የመለሰላት ነገር አልገባትም፤ ምላሱ ተኮላትፏል። አፉ ወደ ግራ ሄዷል። ዘመድ ተሰበሰበ፣ ውሳኔውም ወዲያው ተሰጠ፦ «ሹፌር አይደል? ዕድሜውን ሙሉ መስኮት ከፍቶ ሲነዳ ነፋስ መታው!» ዳማከሴ መጣ። ውሃ ሰጡት፣ ትን አለው። «በቃ ትንሽ ይተኛና ይሻለዋል» ተባለ።

ሆስፒታል የደረስነው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ሀኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን ስለ ነፋስ አልነበረም። «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበረው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ነው ያለን። ለምን እንደጠየቀን ያን ቀን አልገባኝም። አሁን ገብቶኛል።

እኔ ሀኪም አይደለሁም፤ ይህ ጽሁፍም ምርመራን አይተካም። ግን ያን ቀን ብናውቀው ኖሮ የምላቸውን ነገሮች እናንተ ዛሬ እንድታውቋቸው ነው።

1. መጀመሪያ ግንባሩን እዩ

ፊት በድንገት ሲጣመም ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ።

አንደኛው የፊት ነርቭ ችግር ነው። ይህ ነርቭ ከአንጎል ተነስቶ በጠባብ የአጥንት ቀዳዳ ውስጥ አልፎ ከጆሮ ሥር ይወጣና የግማሽ ፊታችንን ጡንቻዎች በሙሉ ያንቀሳቅሳል። ነርቩ በሆነ ምክንያት ካበጠ ቀዳዳው ውስጥ ይጨመቅና ሥራ ያቆማል። ይህ ቤልስ ፓልሲ ይባላል፤ ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1821 ስለ ፊት ነርቭ ጥናቱን ካቀረበው ስኮትላንዳዊው ሀኪም ቻርልስ ቤል የመጣ ነው። ፓልሲ ማለት በቀላል አማርኛ የጡንቻ መስነፍ ወይም ሽባ መሆን ነው።

ሁለተኛው ስትሮክ ነው። ነርቩ ደህና ነው፤ ችግሩ ትዕዛዝ ሰጪው አንጎል ውስጥ ነው። ወይ የደም ሥር ተዘግቷል፣ ወይ ፈስሷል።

ታዲያ ቤት ውስጥ በምን እንለያቸዋለን? ሰውየውን «ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ» በሉትና ግንባሩን እዩ። የግንባር ጡንቻ ትዕዛዝ የሚያገኘው ከግራውም ከቀኙም የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ በስትሮክ አንዱ ወገን ቢጎዳ ሌላው ይሸፍንለታል። አፍ ግን ይህ እድል የለውም።

• አፉ ተጣሞ፣ በዚያው ጎን ግንባሩም መሸብሸብ ካቃተው፣ ዓይኑም አልከደን ካለ፦ የፊት ነርቭ ችግር ሊሆን ይችላል።

• አፉ ተጣሞ ግንባሩ ግን በሁለቱም በኩል እንደ ወትሮው ከተሸበሸበ፦ ስትሮክ ነው ብላችሁ ተነሱ።

የአጎቴ ግንባር በሁለቱም በኩል ይሸበሸብ ነበር። ማንም አላየውም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይህ ፈተና ሁሌ እርግጠኛ አይደለም። የአንጎል ግንድ ላይ የሚከሰት ስትሮክ ግንባርንም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከፊት መጣመም ጋር የእጅ ወይም የእግር መስነፍ፣ የንግግር መኮላተፍ፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ወይም ሚዛን መሳት ካለ የግንባሩን ነገር ተዉትና ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ቤልስ ፓልሲ ከሆነስ? ደስ የሚለው አብዛኛው ሰው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይድናል። ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር የመዳን እድሉን ከፍ ያደርጋል፤ የሚያዘው ግን ሀኪም ነው። ትልቁ ጥንቃቄ ለዓይን ነው። ዓይን ካልተከደነ ይደርቃል፣ ይቆስላል። የዓይን ጠብታ፣ ማታ ማታ ደግሞ ዓይኑን ከድኖ በፕላስተር መያዝ ያስፈልጋል። በዚህ ሰዓት ዳማከሴ ጨምቆ ዓይን አካባቢ ማሸት በጤነኛው ላይ ሌላ ችግር መጨመር ነው።

ጀስቲን ቢበርን ታስታውሱታላችሁ? እ.ኤ.አ. ሰኔ 2022 ኢንስታግራም ላይ ወጥቶ ግማሽ ፊቱ አልንቀሳቀስ እንዳለው አሳይቶ ነበር። የሱ ራምሴ ሀንት ሲንድረም ይባላል፤ ሽፍታ የሚያመጣው የጉድፍ (ቺክን ፖክስ) ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ የፊት ነርቭ ላይ ሲነሳ የሚመጣ ነው። ጆሮ አካባቢ ሕመምና ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ካያችሁ ይህ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት።

ነፋሱስ? በነፋስ ምክንያት ነርቭ እንደሚሽመደመድ የተረጋገጠ ነገር የለም። መስኮቱን መክፈት ትችላላችሁ።

2. ስትሮክ ከሆነ ሰዓት ነው ዋናው

ሀኪሙ ሰዓት የጠየቀን ለዚህ ነው። የስትሮኩ ምክንያት የረጋ ደም ከሆነ የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት አለ። ግን በመደበኛው አሠራር ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። ከዚያ በፊት ደግሞ በሲቲ ስካን መፍሰስ አለመኖሩ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ደም እየፈሰሰ ላለ አንጎል ያን መድኃኒት መስጠት መግደል ነው። በዚሁ ምክንያት «አስፕሪን ስጡት» የሚል ምክርም ከሲቲ ስካን በፊት አደገኛ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። የአጎቴ ምልክት የጀመረው 12 ሰዓት ተኩል። 4 ሰዓት ተኩል ስትጨምሩበት ረፋድ 5 ሰዓት። እኛ የደረስነው 8 ሰዓት። እውነቱን ለመናገር መድኃኒቱ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም፣ ለሁሉም በሽተኛም አይሆንም። ቀድመን ብንደርስም ላያገኘው ይችል ነበር። እኛ ግን ለመጠየቅ እንኳን አልደረስንም።

እናንተ ጋ ቢከሰት እንዲህ አድርጉ፦

• ፊት፣ ክንድ፣ ንግግር፣ ሰዓት። እንዲስቅ ጠይቁት፣ ሁለቱንም ክንዶቹን እንዲያነሳ፣ አንድ አረፍተ ነገር እንዲናገር። አንዱ እንኳን ካልተስተካከለ ሰዓቱን ስልካችሁ ላይ ጻፉ።

• 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) ወይም 939 (እሳትና ድንገተኛ አደጋ) ደውሉ። አምቡላንስ ከዘገየ ያገኛችሁትን መኪና ያዙ። ከተቻለ ሲቲ ስካን ያለው ሆስፒታል ምረጡ።

• በአፉ ምንም አትስጡት። ውሃም፣ ቡናም፣ ኪኒንም። ጠበል ካለ መርጨት ይቻላል፤ ማጠጣቱ ግን መዋጥ መቻሉ እስኪታይ ይቆይ።

• ከደከመ ወይም ካስመለሰው በጎኑ አስተኙት።

• ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋም ሂዱ። ትልቁ ስትሮክ ከመምጣቱ በፊት የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል።

3. ቃሉ ጠፋው ወይስ ምላሱ ከበደው?

«አንደበቱ ተያዘ» ስንል ሁለት ነገሮችን ቀላቅለን ነው።

አንዱ ቋንቋው ራሱ ሲጎዳ ነው። ሰውየው የሚለውን ቃል አያገኘውም፣ ወይ «ቁልፍ» ሊል ፈልጎ «ማንኪያ» ይላል፣ ወይ የምንለውን አይረዳም። ሁለተኛው ቋንቋው ደህና ሆኖ የንግግር ጡንቻዎች፣ ማለትም ከንፈር፣ ምላስ፣ ላንቃና ጉሮሮ ሲሰንፉ ነው። ሐሳቡ ሙሉ ነው፤ ድምፁ ግን ተኮላትፎ ይወጣል።

ቀላል መለያው እጃችሁ ላይ ነው። ማንበብና መጻፍ ለሚችል ሰው ስልክ ስጡትና ሊል የፈለገውን እንዲጽፍ ጠይቁት። ቋንቋው የተጎዳ ሰው ጽሁፉም ይበላሽበታል። ጡንቻው ብቻ የተጎዳ ግን ጣቱ እስከሠራ ድረስ በቴሌግራም እንደ ማንም ያወራችኋል።

ይህ ልዩነት ለምን ይጠቅማል? ምላሱ የተሳሰረን ሰው ሁሉም እንደማይሰማና እንደማይገባው አድርጎ ስለሚቆጥረው ነው። አጎቴ አልጋው ላይ ተኝቶ ዘመዶች አናቱ ላይ ሆነው ስለ መኪናው ሽያጭ ያወሩ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። ኋላ ላይ ነው የነገረን።

4. በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ፣ ታንቆ የሚወጣ ድምፅ

አሁን ትንሽ ወደ ውስጥ እንግባ። ለመናገርና ለመዋጥ የሚያገለግሉት ነርቮች መነሻቸው ከማጅራታችን በላይ፣ የአንጎል ግንድ ታችኛው ጫፍ ላይ ነው። የድሮ ሀኪሞች ቅርፁን ከሽንኩርት ራስ ጋር አመሳስለው በላቲን «ቡልቡስ» አሉት። በልባር ፓልሲ የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው።

የመብራት ምሳሌ ልስጣችሁ። ቤታችሁ መብራት ሲጠፋ ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ከፖሉ ወደ ቤታችሁ የሚገባው ገመድ ተበጥሷል፣ ወይ ገመዱ ደህና ሆኖ ከላይ ከዋናው መስመር ኃይል አልመጣም።

በልባር ፓልሲ የመጀመሪያው ነው። ወደ ምላስና ጉሮሮ የሚሄደው የመጨረሻው ነርቭ ወይም መነሻው ተጎድቷል። ጡንቻው ይልፈሰፈሳል። ምላስ ይከሳል፣ አንዳንዴም ቆዳው ሥር ትል የሚርመሰመስ ይመስል ይንቀጠቀጣል። ላንቃ ስለማይዘጋ ድምፁ በአፍንጫ ይወጣል፣ የጠጣው ውሃም በአፍንጫው ሊመለስ ይችላል።

ሱዶበልባር ፓልሲ ሁለተኛው ነው። «ሱዶ» ማለት አስመሳይ ማለት ነው፤ በልባር ይመስላል ግን አይደለም። ነርቮቹ ደህና ናቸው፣ ከላይ ትዕዛዝ የሚያመጡት መስመሮች ግን ተቆርጠዋል። ጡንቻው አይልፈሰፈስም፤ ይልቁንም ግትር ይላል። ንግግሩ ዘገምተኛና ታንቆ የሚወጣ ነው፤ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ ይዞ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ሀኪሙ አገጩን በመዶሻ ቀስ አድርጎ ሲመታው መንጋጋው ከልክ በላይ ይዘላል።

እነዚህ ትዕዛዝ የሚያመጡ መስመሮች በግራና በቀኝ ሁለት ናቸው። አንዱ ሲቆረጥ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍናል፣ ችግሩም በጊዜ ይሻሻላል። ሱዶበልባር የሚመጣው ሁለቱም ሲጎዱ ነው፤ ብዙውን ጊዜም በተደጋጋሚ ስትሮክ። የአጎቴ ሲቲ ስካን ላይ ከአዲሱ ሌላ በተቃራኒው በኩል የቆየ ትንሽ ጠባሳ ተገኘ። ቀድሞ አንድ ስትሮክ ይዞት ነበር፤ እሱም እኛም አላወቅንም። የደም ግፊቱን ለዓመታት ተለክቶ አያውቅም ነበር።

ከዚህ በሽታ ጋር የሚመጣ አንድ ነገር ግን ማንም አላዘጋጀንም። ከሆስፒታል ከወጣ በሦስተኛው ወር አጎቴን ለቅሶ ቤት ይዘነው ሄድን። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ እሱ ድንገት መሳቅ ጀመረ። ማቆም አልቻለም። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተቀየረ። የሟች ቤተሰቦች ተቀየሙ፣ ሚስቱ በሀፍረት ተሸማቀቀች። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ከቤት አልወጣም አለ።

ጆከር የሚለውን እ.ኤ.አ. የ2019 ፊልም ያያችሁ ሰዎች ገጸ ባህሪው አውቶቡስ ውስጥ ያለ ፍላጎቱ ሲስቅና ሳቁ ሕመም መሆኑን የሚገልጽ ካርድ ሲያሳይ ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ያለ ነገር በእውነቱ ዓለም አለ። አንጎል ሳቅና ለቅሶን የሚቆጣጠርበት ልጓም ሲላላ ትንሽ ነገር ይቀሰቅሰዋል፤ የሚታየው ስሜት ደግሞ ከውስጥ ከሚሰማው ጋር አይገናኝም። እብደት አይደለም፣ ንቀትም አይደለም። የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ፤ ለሀኪሙ መንገር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። እኛ ለሀኪሙ ለመንገር ራሱ አፍረን ወራት አባክነናል።

5. ሌሎች መታወቅ ያለባቸው

ሁሉም ስትሮክ አይደለም። አንዳንዶቹ በደንብ የሚታከሙ ስለሆኑ መለየታቸው ሕይወት ነው።

ማያስቴኒያ ግራቪስ፦ ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ማታ የዓይን ቆብ የሚወርድበት፣ ስልክ ሲያወራ ቆይቶ ድምፁ በአፍንጫ የሚሆንበት፣ ምግብ መሀል ላይ ማኘክ የሚደክመው ሰው። ወጣት ሴቶችንም ይይዛል። ብዙ ጊዜ «ሰነፈች»፣ «ጭንቀት ነው» ተብሎ ይታለፋል። መድኃኒት አለው። መተንፈስ ካስቸገረ ግን ድንገተኛ ነው።

ጉሊያን ባሬ፦ ብዙ ጊዜ ከተቅማጥ ወይም ከጉንፋን ሳምንታት በኋላ ከእግር የሚጀምር መስነፍ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፊትና ጉሮሮን ሊይዝ ይችላል። ይህም ሆስፒታል መተኛት የሚጠይቅ ነው።

ኤ.ኤል.ኤስ.፦ ቀስ በቀስ እየባሰ የሚሄድ። በልባርንና ሱዶበልባርን አንድ ላይ ሊያመጣ ይችላል። ሳይንቲስቱ ስቴፈን ሆኪንግ በ21 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1963 ይህ በሽታ እንዳለበት ተነገረው። ድምፁን እ.ኤ.አ. በ1985 አጣ። ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ በኮምፒውተር ድምፅ እያወራ፣ መጽሐፍ እየጻፈ ኖሯል። የሱ ዕድሜ የተለመደ አይደለም፤ ግን ድምፅ ማጣት ሐሳብ ማጣት እንዳልሆነ ከሱ በላይ ማን ያስረዳል?

የእብድ ውሻ በሽታ፦ ውሻ ነክሶት የነበረ ሰው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ውሃ ለመዋጥ ሲሞክር ጉሮሮው ከታነቀ እጅግ አስጊ ነው። እዚህ ደረጃ ከደረሰ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የነከሰ ዕለት ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ለክትባት መሄድ ነው።

6. ጉርሻችን ሲገድል

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ስትሮክ ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ገደማ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በደንብ መዋጥ አይችሉም። ስንውጥ የአየር ቧንቧችን ለአፍታ ይዘጋል። ጡንቻው ከሰነፈ አይዘጋም፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ይገባል። ጤነኛ ሰው ትን ይለውና በሳል ያወጣዋል። የታመመ ሰው ግን አንዳንዴ ሳያስለው ዝም ብሎ ይገባበታል። ከዚያ ትኩሳት፣ ከዚያ የሳንባ ምች። ቃሉን አያችሁት? ምች ነው ብለን የጀመርነው ነገር መጨረሻው የእውነት የሳንባ ምች ይሆናል። ከስትሮክ በኋላ ብዙ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው።

አጎቴ በሦስተኛው ቀን የደረሰበት ይህ ነው። ነርሷ «በአፉ ምንም እንዳትሰጡት» ብላ ነበር። ግን እህቱ ከቤት ምግብ ይዛ መጣች። ወንድሟ ሦስት ቀን ሳይበላ ተኝቶ እንዴት አንጀቷ ይቻል? አንዲት ጉርሻ ብቻ ነው ያጎረሰችው። በማግስቱ ትኩሳቱ 39 ገባ። ሁለት ሳምንት ተጨማሪ ተኛ። እሷን ማንም አልወቀሳትም፤ ፍቅር ነው። ግን ፍቅር ያለ እውቀት ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም አየን።

ስለዚህ እነዚህን ያዙ፦

የአደጋ ምልክቶች፦ ሲበላ ወይም ሲጠጣ ማሳል፤ ከጠጣ በኋላ ድምፁ ውሃ እንደሞላው ማንጎርጎር፤ ምግብ ጉንጩ ውስጥ ማስቀረት፤ ምራቅ መዝረብረብ፤ አንድ ምሳ ለመጨረስ ሰዓት መፍጀት፤ መክሳት፤ የሚመላለስ ትኩሳት።

ማንም ሳይፈትሸው አይብላ፦ መዋጥ መቻሉን ሀኪም፣ ነርስ ወይም የንግግርና የመዋጥ ሕክምና ባለሙያ ይፈትሻል። ባለሙያው በአገራችን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ጥያቄውን እናንተ ጠይቁ፦ «መዋጥ መቻሉ ታይቷል ወይ?» ካልቻለ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ይመገባል። ቱቦውን ብዙ ቤተሰብ ይፈራዋል፣ «ተስፋ ቆርጠውበት ነው» ይላል። አይደለም። ለብዙ ሰው ጊዜያዊ ድልድይ ነው።

አቀማመጥ፦ ተፈቅዶለት ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ተኝቶ ወይም ጋደም ብሎ በፍጹም። ከበላ በኋላም 30 ደቂቃ ያህል አይተኛ። ለአንዳንዱ ሰው ሲውጥ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ ማድረግ ይረዳል፤ ለሁሉም ስላልሆነ ባለሙያው ይንገራችሁ። ቀና ብሎ መጨለጥ ግን ክልክል ነው።

ምን ይብላ፦ ሰው «መዋጥ ካቃተው ውሃ ይቀለዋል» ይላል። ተቃራኒው ነው። ውሃ፣ ሻይና ቀጭን ሾርባ በፍጥነት ስለሚፈሱ ብዙ ጊዜ በጣም አስቸጋሪዎቹ ናቸው። ወፈር ያለ አጥሚት፣ ለስላሳ የቡላ ገንፎ፣ እብጠት የሌለው ሽሮ የተሻሉ ናቸው። ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ጭብጦ፣ እንዲሁም መረቅና ጓል የተቀላቀለበት ሾርባ ይቅሩ። የውፍረቱን መጠን ባለሙያው ይወስን።

ጉርሻ፦ በሻይ ማንኪያ፣ ትንሽ ትንሽ። የመጀመሪያውን ውጦ አፉ ባዶ መሆኑን ሳታዩ ሁለተኛውን አታቅርቡ። «አንድ ያጣላል» የሚለው ለዚህ ቤት አይሠራም። ሲበላ አታስወሩት፣ ቴሌቪዥኑንም ዝጉት።

አፍ ማጽዳት፦ በአፉ ባይበላም እንኳን ጥርሱንና ምላሱን በቀን ሁለት ሦስቴ አጽዱ። ቆሻሻ ምራቅ ወደ ሳንባ ሲገባም ያው የሳንባ ምች ነው።

ኪኒን፦ መዋጥ ካቃተው ራሳችሁ ፈጭታችሁ አትስጡት። መፈጨት የሌለባቸው ኪኒኖች ስላሉ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

7. የፊደል ገበታው ድምፅ ሲሆን

አጎቴ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድም ቃል ለሰው አይገባም ነበር። ቀኝ እጁም ስለደከመ ስልክ ላይ መጻፍ አልቻለም። የረዳን የታናሽ እህቴ የፊደል ገበታ ነው፤ ያ ሀ ሁ ሂ የተቆጠረበት ቀይና ጥቁሩ ወረቀት።

ፊደላችን ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው። ወደ ታች የፊደሉ ቤተሰብ፣ ወደ ጎን ሰባቱ ድምፆች። እኛ ጣታችንን ወደ ታች እያንቀሳቀስን «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ...» እንላለን። የሚፈልገው ጋ ስንደርስ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ወደ ጎን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» እንቆጥራለን፤ እንደገና ይጨፍናል። «ውሃ» ለማለት ወ ስድስተኛ፣ ሀ አራተኛ። «ሰላም» ሰ አንደኛ፣ ለ አራተኛ፣ መ ስድስተኛ። ይኸው ነው። ብር አያስወጣም፣ ኔትወርክ አይፈልግም።

መጀመሪያ የጻፈው ቃል ምን ይመስላችኋል? «መኪናው»። መ አንደኛ፣ ከ ሦስተኛ፣ ነ አራተኛ፣ ወ ስድስተኛ። አትሽጡብኝ ማለቱ ነው።

ሌላም አለ። አውነትም ሐሰትም በሚመለስ ጥያቄ ጠይቁ፣ አንዱን ሳይመልስ ሁለተኛውን አትጨምሩ፣ ያልገባችሁን የገባችሁ አትምሰሉ። ንግግራቸው እየጠፋ የሚሄድ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ዛሬ ድምፃቸው እያለ የሚወዷቸውን ቃላት ስልክ ላይ ቢቀዱ ነገ የሚያጫውቱት የራሳቸው ድምፅ ይኖራቸዋል።

8. የት እንሂድ?

ድንገተኛ ከሆነ ጤና ጣቢያ ተራ አትያዙ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ቀስ በቀስ የመጣ ከሆነ ግን ከወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ የነርቭ ሀኪም ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ ትችላላችሁ፤ ጥቁር አንበሳ ከዋነኞቹ አንዱ ነው። ስትሄዱ ሁለት ነገር ያዙ፦ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ እና ሲናገርና ሲውጥ የቀረጻችሁትን አጭር ቪዲዮ። ማታ ማታ ብቻ የሚብስ ምልክት ጠዋት ሀኪም ፊት ላይታይ ይችላል፤ ቪዲዮው ግን ይናገራል።

እና ዛሬውኑ የምትችሉት፦ አባታችሁንና እናታችሁን ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ የደም ግፊታቸውን አስለኩ። ለስትሮክ ትልቁ መንስኤ ግፊት ነው፤ ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ አያምም፣ አይናገርም። «ወጣት ነኝ» ለምትሉም፦ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣ የልብ ቫልቭ በሽታ በአገራችን ወጣቶችን ለስትሮክ ይዳርጋል። የልብ ችግር አለባችሁ ከተባላችሁ ክትትላችሁን አታቋርጡ።

አጎቴ አሁን ያወራል። ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴ ደግመን እየጠየቅነው። ሚኒባሱን ልጁ ነው የሚነዳው። ባለፈው ሳምንት ከጎፋ አብረን ስንሳፈር አንዲት እናት «የኔ ልጅ፣ መስኮቱን ዝጋው፣ ነፋስ ይመታሃል» አሉት። አጎቴ ሳቀ። የበሽታው ሳቅ ነው ወይስ የእውነት የሚለውን ለመለየት አየሁት። ጊዜውን ወስዶ፣ ቃል በቃል፦ «እናቴ... ነፋስ... አይደለም... ግፊትዎን... ይለኩ» አላቸው።

ይህን ጽሁፍ የቤተሰብ ግሩፓችሁ ላይ ጣሉት። በተለይ ዳማከሴ የምትተክለው አክስታችሁ ጋ ይድረስ።